እማማ ሃዋ የቀመሱት አገልግል

የወልድያን ወህኒ ቤት ግማሹን ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላ የሚናገርልኝ ሰው ስለጠፋ ነው። ከፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከአንዲት የተቀደደች ጃንጥላ ሥር፣ ሁለት ፊደሎቿ በወለቁ የጽሕፈት መኪና የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች አንድ ላይ ቢቆለሉ ከተማውን ከነጥቁር ውሃ ወንዙ ይሸፍኑት ነበር። ዳኛ አስለቅሻለሁ። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶ መሐረብ ሲፈልግ በዓይኔ አይቻለሁ። እርግጥ ያለቀሱት ዳኛ የዚያን ሰሞን ብርቱ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፤ መሐረቡም የተፈለገው ለእሳቸው ነው። ካስፈታኋቸው እስረኞችም አብዛኞቹ ማመልከቻዬ መልስ እስኪያገኝ ጊዜያቸውን ጨርሰው የወጡ ናቸው። አንዱን እንዲያውም ምሕረት የሚለምንለትን ወረቀት ይዤ ስሮጥ መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁትና ቦርሳዬን ተሸክሞልኝ አብረን ተመለስን።

አንዲት ሴት ግን አለች። እሷን ያስፈታኋት እኔ እንደሆንኩ ከመርሳ እስከ ግራና የማያውቅ የለም። ባለፈው ሰሞን ከደሴ ስመለስ መኪናችን መርሳ ላይ ቆመና እንደ ልማዱ የማንጎ ሽታ ከነሻጮቹ በመስኮት ገባ። የመርሳ ማንጎ ሽታ ሰውን አንገቱን ይዞ የሚያስጎነብስ ነው፤ አሽከርካሪዎች ፍሬን የሚይዙት በእግራቸው ሳይሆን በአፍንጫቸው ነው የምለው ለዚህ ነው። አንዲት ሴት ሳፋዋን ወደ እኔ መስኮት ከፍ አደረገችና ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ።

«ጋሽ ደምሴ አይደሉ እንዴ?»

«ነኝ፤ የቀረውን ያህል።»

«ዘይነባ ነኝ። የግራናዋ።»

ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ ፊቷ ግን ሞልቷል። አራት ማንጎ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድድ ቆጣ አለች። «ይተውት አልኩዎ። ሴቶች፣ እኒህን ሰውዬ ታያላችሁ? ያን ጊዜ የጻፉልኝ እኒህ ናቸው።» ሻጮቹ ሁሉ ሳፋቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ኮሌታዬን አስተካከልኩ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያውን ማንጎ ሲሪንቃ ሳንደርስ ጨረስኩት። ሁለተኛው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

እሷ በታሰረችበት ጊዜ ሻይ በሁለት ብር ነበር፤ ስኳሩ ደግሞ ማንኪያውን ያቆመው ነበር። አሁን ለአንድ ሻይ በምከፍለው ዋጋ ያኔ ሻይ ቤቱን ከነባለቤቱ እገዛ ነበር። ወጣቶቹ ሦስት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ሱሪ ይለብሳሉ፤ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ኮንጎ ጫማቸውን አቧራ እንዳይነካው በእጃቸው ይዘው መጥተው ከተማው መግቢያ ላይ ያጠልቁታል። ከጃንጥላዬ ፊት ለፊት አንድ ካሴት ቤት ነበር። ጠዋት አምባሰል ይከፍታል፣ ከሰዓት ትዝታ ይከፍታል፤ እኔም ማመልከቻ የምጽፈው በዜማው ልክ ነው። ጠዋት የመጣ ባለጉዳይ ቆፍጠን ያለ አቤቱታ ይደርሰዋል፣ ከሰዓት የመጣ ደግሞ ደብዳቤው አልቆ እንባው አያልቅም። ዛሬ ካሴት ቤቱ የሞባይል ቀፎ ይሸጣል፤ ከውስጡ የሚወጣው ድምፅ ወፍጮ ይሁን ዘፈን እስካሁን አልለየሁም።

እሑድ እሑድ ወህኒ ቤት ደጃፍ እሄድ ነበር፤ ደንበኛ የሚገኘው እዚያ ነዋ። ስንቅ የሚያቀብሉ ሰዎች ሰልፍ ሁለት ነው። ወደ ወንዶቹ በር የሚያስገባው ሰልፍ ከበሩ ተነሥቶ ጎማ ጠጋኙን አልፎ ይጠማዘዛል፤ ሚስት፣ እናት፣ እህት፣ እጮኛ፣ ሁሉም አገልግል፣ ፔርሙዝ፣ የታጠበ ልብስ ይዘው። አንዳንዱ እስረኛ ውጭ ሳለ ያላገኘውን ምግብ የሚበላው እዚያ ነበር። በሴቶቹ በር በኩል ግን ሣር በቅሎ ፍየል ይግጥበታል። ወንድ ሲታሰር ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ የእሑድን ስንቅ ታስባለች፤ ሴት ስትታሰር ስንቅ አመላላሿ ራሷ ናት የታሰረችው። ይህን የተረዳሁት ፍየሎቹን ለብዙ እሑዶች ካየሁ በኋላ ነው፤ ቶሎ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም።

በዚያ ባዶ በር የማይቀሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እማማ ሃዋ። ከግራና መርሳ በእግራቸው፣ ከመርሳ ወልድያ በተገኘው ጭነት መኪና ላይ ይመጣሉ። አገልግላቸው ከእሳቸው የምትበልጥ ትመስላለች። ወህኒ ቤት ስንቅ የሚያመጣ ሰው ሁሉ ከዘበኛው ፊት ቀምሶ ነው የሚያስገባው፤ ምግቡ ውስጥ ክፉ ነገር እንዳይኖር ነው። አንድ እሑድ የእስረኛ አውራ ጣት ላስረግጥ ገብቼ እንደቆምኩ በረኛው ሃምሳ አለቃ እማማ ሃዋን ሲያስቀምሳቸው አየሁ። ከዳር ቀመሱ። «ከመሐሉም» አላቸው። ቀመሱ። «ከሥሩም።» ቀመሱ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የእስረኛዋን ምሳ እኮ አስጨረስካቸው» አልኩት።

እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «የማን እናት እንደሆኑ ታውቃለህ?»

«የእስረኛዋ ናቸዋ። ሌላ ማን ይመጣል?»

«የሟቹ ናቸው» አለኝ። «እዚህ ያለችው ሴት የገደለችው የእሳቸውን ልጅ ነው። አንተ ብትሆን ስንት ጊዜ ታስቀምሳቸዋለህ?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ሰምተውናል። «ተወው ልጄ» አሉኝ። «ሦስት ጊዜም ያስቀምሰኝ፣ አምስት ጊዜም። ከግራና ነው የመጣሁት፣ ርቦኛል።»

ስንወጣ ከጎናቸው እየሄድኩ፣ «እማማ፣ እንዴት አስቻለዎ?» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ልጅዎን የገደለችውን ሴት መመገቡ።»

«ማን ይመግባትና። ወንድሞቿ ስሟን አይጠሩም። ልጇ ሰዓዳ እኔ ዘንድ ናት። ምግብ ባቀረብኩ ቁጥር እናቴ በልታለች ወይ ትለኛለች። ምን ልበላት?»

የዘይነባን ጉዳይ ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር። ባሏ ሙሄ ለሰው ደግ፣ ለቤቱ ዱላ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት በመጥረቢያ መታችው፤ ከዚያ በእግሯ መርሳ ድረስ ሄዳ እጇን ሰጠች። ክሱ የታየው ዳኞች በስሜት እንዳይፈርዱ ተብሎ የቅጣት ሠንጠረዡ አዲስ በወጣበት ሰሞን ነው። ሠንጠረዡን አላማም፤ ከዚያ በፊት የሰው ዕድሜ ዳኛው ቁርስ በመብላቱና ባለመብላቱ ይወሰን ነበር፤ ይኸኛው ለድኻም ለሀብታምም እኩል ነው። ለወንድና ለሴት ግን እኩል ሆኖ እኩል አልሆነም። በዚያው ወር አንድ ሰውዬ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ገበያ መሐል ጎረቤቱን በሽመል ገደለ። በድንገት፣ በሞቀ ደም ነው ተባለና ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ዘይነባ ግን የተኛን ሰው ነው የገደለችው፤ ይህ በሠንጠረዡ ቅጣቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። አሥራ አምስት ዓመት። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ያን ቀን ጉንፋን አልነበረባቸውም።

ዓመታቱ እንዴት እንደነጎዱ አላውቅም፤ ካሴት ቤቱ ወደ ሲዲ፣ ሲዲው ወደ ፍላሽ ሲቀየር ነው ያለፉት። ሰዓዳ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። ዘይነባ ከቅጣቷ ከሦስት እጅ ሁለቱን ስለጨረሰች በአመክሮ የመውጣት ተራዋ ደረሰ። አዲሱ አሠራር ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መልካም ጠባይ፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር የታረቁበት ወረቀት፣ ሲወጡ የሚቀበል ቤተሰብ። ለወንዶቹ ይህ ቀላል ነው። እርቁን አባቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ይጨርሱታል፤ የምትቀበለው ሚስት ደግሞ እሑድ እሑድ በሩ ላይ ነበረች፣ ዘበኛው በስሟ ያውቃታል። ለዘይነባ ከሦስቱ የተገኘው ጠባይ ብቻ ነው። ጊዜውም ጠቦ ነበር፤ የሙሄ ወንድም ይመር ሰዓዳን ለአንድ የመርሳ ነጋዴ ሊድራት ቃል ገብቷል። እማማ ሃዋ ጉልበታቸው አልቋል። «እኔ ከወደቅኩ ልጅቱ በማግሥቱ ታገባለች» አሉኝ፣ ከጃንጥላዬ ሥር ተቀምጠው። «እናቷ ቀድማኝ ትምጣ። ብዕርህን ይዘህ ተነሥ፣ ግራና እንሄዳለን።»

በዚያ መንገድ ላይ የጀርባዬ አጥንቶች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ እስካሁንም አልተመለሱም። የሄድነው አበጋሩ ዘንድ ነው። አበጋር እኛ አገር ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው፤ ቃሉን ክርስቲያኑም እስላሙም ይሰማል። በሥርዓቱ የገዳይ ወንድሞች ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው የሟች ወንድሞች ፊት ይንበረከካሉ፤ ምሕረቱ ሲገኝ ድንጋዩ ይወርዳል። አበጋሩ ነጭ ጺማቸውን እያፍተለተሉ ሰሙን።

«ሃዋ፣ ነገሩ መልካም ነበር» አሉ። «ግን ወንድሞቿ አንመጣም ብለዋል። ይመርም አልቀመጥም ብሏል። ማን ተሸክሞ፣ ማን ይምራል? ሴት ድንጋይ ስትሸከም አይተን አናውቅም።»

«ውሃ ስንሸከም አይታችሁናል» አሉ እማማ ሃዋ። «እንጨት ስንሸከም አይታችሁናል። ድንጋዩ በምን ይብሳል? ደሙስ የማን ነው፣ የይመር ነው ወይስ የወለድኩት የኔ?»

«አባቶችን ሳላማክር አልችልም» አሉ አበጋሩ። አባቶች ማለት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ የቀሩት ሞተዋል።

በማግሥቱ ጠዋት የአበጋሩ ደጅ ላይ ሰባት ዱበርቲዎች ተቀምጠው አገኘናቸው። ዱበርቲ የሚባሉት ዱዓ የሚያደርጉ፣ የሚመርቁ አሮጊቶች ናቸው፤ ዝናብ ሲጠፋ፣ ወላድ ስትጨነቅ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። የሰባቱ ዕድሜ ቢደመር ዓለም ከመፈጠሯ በፊት የሚጀምር ይመስለኛል። በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው መስቢሐቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥሩ ጀመር። አበጋሩ ወጡና፣ «ምነው፣ በደህና ነው?» አሉ። አንደኛዋ፣ «በደህና ነው። መንገድ ላይ ደክሞን ነው» አለች። እስከ ዙሁር ሶላት ደከማቸው። እስከ አስር ሶላት ደከማቸው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እየቆመ ማየት ጀመረ። አበጋሩ ሦስተኛ ጊዜ ሲወጡ ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር።

የዘይነባን ድንጋይ የተሸከመችው ከሁሉም የምታንሰው ዱበርቲ ናት፤ እሷም ሰማንያ ሳይሞላት አይቀርም። ድንጋዩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እማማ ሃዋ ፊት ልትንበረከክ ጎንበስ ስትል እማማ ሃዋ ዘለው ተነሡ። «አውርጂው፣ አውርጂው፣ ወገብሽን ትታመሚያለሽ» አሉ። ምሕረቱ ያ ነበር። አበጋሩ ገና የመክፈቻ ንግግራቸውን አልጨረሱም። ይመር ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር፤ አልቀረበም፣ ግን አልሄደም። እኔ ጉልበቴ ላይ ወረቀቱን ጻፍኩ፣ አበጋሩ ጣታቸውን አኖሩበት። ክርስቲያን ነኝ፤ ያን ቀን ግን አሚን ያልኩት ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው።

ከዚያ ለአመክሮው የሚገባውን ማመልከቻ አዘጋጀሁ። ለዚህ ጉዳይ የታወቀች አንዲት ማመልከቻ ነበረችኝ። ገበያ ላይ ለገደሉ፣ ድንበር ላይ ለገደሉ፣ ሠርግ ላይ ለገደሉ ወንዶች ስማቸውን ብቻ እየቀየርኩ የምሰጣት፣ ከማር የጣፈጠች። እሷን በጽሕፈት መኪናዬ መታሁ፣ የእርቁን ወረቀት አያይዤ አስገባሁ። በሳምንቱ ተመለሰች፤ ተስተካክላ በሚቀጥለው ስብሰባ ትቅረብ ተባለ። የሚቀጥለው ስብሰባ ከስድስት ወር በኋላ ነው።

«ምን ጎደለው አሉ?» አሉኝ እማማ ሃዋ።

«አዲሱ መመሪያ ነው እማማ» አልኳቸው። «እኛ ምን እናድርግ፣ አስቸጋሪ ሆኗል።»

«አብሽር» አሉኝ፤ እኔን ነው ያጽናኑት።

ያን ስድስት ወር እማማ ሃዋ የተኙት የቤታቸው በር ደፍ ላይ ነው፤ በትራቸውን አጠገባቸው አስደግፈው፣ ሰዓዳን ከጀርባቸው አድርገው። ይመር አማላጅ ይዞ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ የሄደው የመጣበትን ሳይናገር ነው። ስብሰባው ሲቃረብ እንደገና ጃንጥላዬ ሥር መጡ። ከስተዋል። «ያንተ ወረቀት አልሆነም» አሉ። «የኔን ጻፍ።» እንዲህም አጻፉኝ፦

«እኔ ሃዋ የሟቹ እናት ነኝ። ልጄ ሲነቃ ጉልበተኛ ነበር። ተኝቶ ካልሆነ የሚችለው አልነበረም፤ እኔም አልቻልኩትም፣ እኔንም መትቶኛል። የተኛ ሰው መግደል ይከፋል ብላችኋል። እውነት ነው ይከፋል፤ የሞተብኝ እኔ አውቀዋለሁ። አሥር ዓመት ስንቅ አመላለስኩ፣ አሁን እግሬ አልቋል። የሚቀበላት ቤት ማን ነው ብላችኋል። የኔ ቤት አለ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብላ ትግባ።»

እኔ መጨረሻ ላይ «ከታላቅ ትሕትና ጋር በእንባ እየታጠብኩ» ብዬ ጨመርኩና አነበብኩላቸው።

«እሱን አላልኩም።»

«ማሳመሪያ ነው እማማ።»

«አጥፋው። ውሸት ያስመስለዋል።»

አጠፋሁት። ሌላ ቃል አልነካሁም። ስብሰባው ላይ ሲነበብ ማንም መሐረብ አልፈለገም፤ ተያዩና ፈረሙ አሉ። ዘይነባ የወጣችው እሑድ ቀን ነው። እማማ ሃዋ በሴቶቹ በር አገልግላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሃምሳ አለቃው ተሯሩጦ መጣና፣ «ዛሬ መቅመስ የለም እማማ» አላቸው። እሳቸው አገልግሏን ከፈቱና አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ ሰደዱ። «ዛሬ አንተ ቅመስ።» ሃምሳ አለቃው አፉ ሞልቶ ዓይኑ ሞልቶ ቆመ። ዘይነባ ስትወጣ ጎንበስ ብላ የእማማ ሃዋን ጉልበት ይዛ ቀረች፤ ፍየሎቹ ብቻ ናቸው ሣራቸውን የቀጠሉት።

እማማ ሃዋ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። ሰዓዳ አላገባችም፤ ኮሌጅ መግባቷን መርሳ ላይ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ዘይነባ በመስኮት ነገረችኝ። ዛሬ የወህኒ ቤት ደጃፍ በሄድኩ ቁጥር በሴቶቹ በር በኩል አንድ ሁለት ሰው ቆሞ አያለሁ፤ አንዳንዴም ወንድ አገልግል ይዞ፣ ቅመስ ሲባል እንዴት እንደሚቆረስ ጠፍቶት። እኔም ሴት ባለጉዳይ ስትመጣ ያቺን ማመልከቻዬን አላወጣም። መጀመሪያ ታውራኝ እላለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ፤ ይህን ከእማማ ሃዋ ሌላ ያስተማረኝ የለም።

አሁን ሁለተኛው ማንጎ ለምን እንዳልወረደልኝ ልናገር። ያቺ የመጀመሪያዋ ማመልከቻ የተመለሰችው በአዲሱ መመሪያ ምክንያት አልነበረም። ለወንዶች የሠራኋት ናት፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ባለቤቴ መመለሴን በናፍቆት እየጠበቀች ትገኛለች» ይላል። ባሏን ገድላ ለታሰረች ሴት፣ በእኔ እጅ፣ በእኔ ማኅተም የቀረበው ይህ ነው። ሳላነበው ነው ያስገባሁት። ስድስቱን ወር ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ለእማማ ሃዋ ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ መመሪያው ነው እንዳልኳቸው ቀረሁ። ዘይነባ ማንበብ የተማረችው ወህኒ ቤት ውስጥ ነው፤ የተመለሰው ወረቀት የተሰጠውም በእሷ እጅ ነው። ታውቃለች። አውቃ ነው ማንጎውን የሰጠችኝ፤ እኔም አውቄ ነው ኮሌታዬን ያስተካከልኩት።